ከውስጥ በኩል የተጠለፈው ጃኬት
በምዕራቡ ዓለም ነቃሾች ሥራ ውስጥ አሮጌ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ እንደ መነሻ ሐሳብ እየተመላለሰ ይመጣል፤ ቀለሙ የተላላጠ ኮሪደር፣ የዛገ አልጋ፣ እጆቹ በረጅም እጅጌ የተጠፈሩ ሰው፣ የዓይኗ ጉድጓድ የጠቆረ ነርስ። በጥቁርና በግራጫ ብቻ የግድግዳን እርጥበት ቆዳ ላይ ማውጣት ከባድ ሙያ ነውና ብዙዎቹ ሥራዎች ያስደንቃሉ። የማልስማማው በሚቀዱበት ምንጭ ነው። ምስሎቹ የመጡት ከአስፈሪ ፊልም ነው፤ በእነዚያ ቤቶች ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሰዎች ደግሞ በእጃቸው የሠሩትን ትተውልን ሄደዋል፤ ነቃሽ ሊማር የሚገባው ከዚህ ነው።

አግነስ ሪክተር የምትባል ጀርመናዊት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሁበርቱስቡርግ በተባለው ማቆያ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1895 ገደማ፣ ከማቆያው የደንብ ልብስ ጨርቅ ለራሷ ጃኬት ሰፋች፤ ከዚያም ውስጡንም ውጪውንም በየቀለሙ ክር በጽሑፍ ጠለፈችው። ፊደሉ የድሮ የጀርመን እጅ ጽሕፈት ነው፤ መስመሩ በመስመር ላይ ስለተደራረበ ብዙው እስከዛሬ አልተፈታም። ከተነበበው ውስጥ «እኔ» እና «የኔ» የሚሉት ቃላት ደጋግመው ይመጣሉ። 583 የሚል ቁጥርም አለ፤ ማቆያው ልብሷን የሚለይበት ቁጥር ነው። ሌላ ሰው በሰጣት ጨርቅ ላይ፣ ሌላ ሰው የሰጣትን ቁጥር ከ«እኔ» ጋር አጎራብታ በመርፌ ጻፈች። ሳሙኤል ኦራይሊ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የንቅሳት ማሽን ኒውዮርክ ላይ በስሙ ያስመዘገበው በ1891 ነው፤ ሁለቱ መርፌዎች የአንድ ዘመን ናቸው። የእናቱንና የአያቱን የአንገት ንቅሳት እያየ ላደገ የእኛ አገር አንባቢ ጥልፍና ንቅሳት ዘመዳሞች መሆናቸውን ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ጃኬቱ ዛሬ ጀርመን፣ ሃይደልበርግ፣ የአእምሮ ሕሙማን የእጅ ሥራዎች በተሰበሰቡበት በፕሪንዝሆርን ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

ቦታዎቹ በእርግጥ አስፈሪ ነበሩ፤ ታዲያ ፍርሃቱን መሳል ምን ነውር አለው የሚል ይኖራል። ነውር የለውም፤ የሚያስፈራው ማን እንደነበር እስካልተሳሳተ ድረስ። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የትራንስ አሌጌኒ ማቆያ ለ250 ሰው ታስቦ የተሠራ ሲሆን በ1950ዎቹ 2,400 ያህል ሰው ታጉሮበታል፤ ዛሬ እዚያው ቤት ውስጥ የሙታን መንፈስ ፍለጋ ጉብኝት በክፍያ ይካሄዳል። የኒውዮርኩ ዊላርድ ማቆያ በ1995 ሲዘጋ ከጣሪያው ሥር 400 ያህል የታካሚዎች ሻንጣ ተገኘ፤ ባለቤቶቹ ሲገቡ አስረክበው ሳይመለሱላቸው የቀሩ ናቸው። በመቃብር ቦታው ያረፉትም ከስም ይልቅ ቁጥር ነው የቆመላቸው። ጀርመን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይከፋል። ናዚዎች በ1940 እና በ1941 ብቻ ከ70,000 በላይ ታካሚዎችን በጋዝ ፈጁ፤ ሥዕሎቹ በዚያው በፕሪንዝሆርን ስብስብ ያሉት ታካሚው ፍራንዝ ካርል ቡለር ግራፍኔክ በተባለው የግድያ ስፍራ ከተገደሉት አንዱ ነው። ይህን እያወቁ በንቅሳት ላይ ታካሚውን ጩቤ አስይዞ መሳል በደሉን ከበዳዩ አንስቶ በተበዳዩ ላይ መለጠፍ ነው። የአእምሮ ሆስፒታል ስም ለስድብ በሚውልባት አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህ ምን እንደሚያደርስ ያውቀዋል፤ የታመመ ቤተሰብ የሚደበቀው፣ ሕክምናም የሚዘገየው ከዚያው ፍርሃት የተነሳ ነው።

ቆዳው የባለቤቱ ነው፣ የፈለገውን ይነቀስ የሚለውን ክርክር እቀበላለሁ፤ መከልከል ያለበት ነገርም የለም። የከበደኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሪክተርስ ጥልፏ በማያውቃት ሰው ክንድ ላይ እንዲወጣ ፈቅዳለች ወይ? አልፈቀደችም። ስለዚህ ፊደሏን እንዳለ ገልብጦ መነቀስም ከሟች ኪስ እንደ መውሰድ ይሆናል። ሊወሰድ የሚችለው አሠራሯ ነው። ለመነቀስ የመጣው ሰው የራሱን ቃል፣ በራሱ እጅ ጽሕፈት ይዞ ይምጣ፤ ነቃሹ ፊደሉን በፊደል ላይ ይደርብለት፤ ላላፊ አግዳሚው ባይነበብም ግድ የለም። ሪክተርም የጠለፈችውን ሁሉ ለተመልካች አላወጣችም። ጃኬቷን ትለብሰው እንደነበር በጨርቁ ላይ የቀረው የላብ ምልክት ያሳያል፤ ከውስጥ በኩል የጠለፈችው ጽሑፍ ያረፈው እሷው ላይ ነበር።