አማልክትን በሒሳብ ስለሚገድሉ ወዳጆቻችን

ሰሞኑን ከመኝታ ክፍል ወደ መኝታ ክፍል የሚዞር አንድ ወረቀት አለ። በእስክሪብቶ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሞላ፣ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ለተባለው ጨዋታ የተዘጋጀ ገጸ ባሕርይ ነው። ለማያውቁት አንባቢዎቻችን፦ ጨዋታውን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 አወጡት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ እየጣሉ፣ አንዱ ተራኪ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ሆነው በቃል የሚፈጥሩት ታሪክ ነው። የወረቀቱ ባለቤት ከግርጌው በትልቁ «ይህ አማልክትን ያሸንፋል» ብሎ ጽፎበታል። እኛ ደግሞ ይደምራል እንጂ አያሸንፍም እንላለን!

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1976 የጨዋታው አሳታሚዎች የልዩ ልዩ ሕዝቦችን አማልክት ከነነጥባቸው የዘረዘረ መጽሐፍ አወጡ። ቲም ካስክ በመግቢያው ላይ ዓላማውን አልደበቀም፤ በየጠረጴዛው አርባኛ ደረጃ አልፈናል የሚሉ ጉዶች በዝተው ነበርና፣ የእነ ዜውስንና የእነ ኦዲንን ልክ አይተው እንዲያፍሩ ነው። አፈሩ እንዴ? ምን ሲደረግ! ለአምላክ የሕይወት ነጥብ መስጠት እኮ ዋጋ መለጠፍ ነው፤ ዋጋ የተለጠፈበት ነገር ደግሞ ገዢ አያጣም። በ1980 በወጣው «ዴይቲስ ኤንድ ዴሚጎድስ» ዜውስ 400 ነጥብ ነበረው። በዚያው ዓመት በታተመ ሌላ የጀብዱ መጽሐፍ ደግሞ ሎልዝ የምትባለው የሸረሪቶች ንግሥት 66 ነጥብ ብቻ ይዛ ቀረበች። ስልሳ ስድስት! ዳይሱ የቀናቸው ጥቂት ጎረምሶች ቢረባረቡባት ከምሳ በፊት ያልቃል።

የዚህ መንገድ መጨረሻው ፑን ፑን ነው። በ2003 የወጣውን የ3.5 እትም ደንብ ሲበረብሩ የከረሙ ተጫዋቾች ከኮቦልድ ተነሡ፤ ኮቦልድ ማንም ጀማሪ በአንድ ምት የሚጥለው እንሽላሊት መሰል ፍጡር ነው። በ2004 በታተመ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ሳሩክ ለሚባሉ ጥንታውያን ፍጥረታት የተሰጠ ችሎታ አገኙ፤ ባለ ቅርፊት የሆነውን ፍጡር እንደ ፈለጉ የመለወጥ ሥልጣን ነው። ያንን ለኮቦልዱ አሸከሙት። ከዚያ ወዲያ ጉልበቱም ብልሃቱም ወሰን አጣ፤ የትኛውም አምላክ ፊቱ አይቆምም። በኋላ የመጡት ደግሞ አሻሽለው ይህ ሁሉ በአንደኛው ደረጃ እንዲፈጸም አደረጉት። እውነት ለመናገር ብልሃቱን አድንቀናል፤ የሕግ ተማሪዎች ቢያዩት ይቀኑ ነበር። ግን ፑን ፑን ምን ሠራ? የት ሄደ? ማንን ወደደ? ምንም የለም። የቀመሩት ሰዎች እንኳ የደንቡን ቀዳዳ ለማሳየት እንጂ ሊጫወቱበት አላሰቡም። የኛው ወዳጅ ግን ወረቀቱን ይዞ ጠረጴዛ ሊቀመጥ ነው! የቀሩት አምስት ልጆች ምን ሊሠሩ ነው ታዲያ? ሻይ ሊያፈሉ?

«ደንቡ ይፈቅዳል» ይሉናል። ይፍቀዳ! ደንብ ስለ ፈቀደ ታሪክ ይሆናል ያለው ማን ነው? ሌሎቹ ደግሞ «ደካማ ሰው ከአምላክ ጋር ሊጋጠም አይችልም፤ መጀመሪያ ኃይል ይኑረው» ይላሉ። ይህን የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሲለው ያሳፍራል።

በኢሊያድ አምስተኛ መጽሐፍ ዲዮሜዴስ አፍሮዳይትን እጇ ላይ ወጋት፤ የጦርነቱን አምላክ አሬስንም ሆዱ ላይ። ያውም ብቻውን አይደለም፤ ጦሩን የገፋችለት አቴና ናት። አፖሎ ላይ ሲደርስ ግን ሦስት ጊዜ ተወርውሮ፣ በአራተኛው አምላኩ ቢገሥጸው ወደ ኋላ አለ። ሰው መሆኑን የምናምነው እዚያች ላይ ነው። ጊልጋመሽና ኤንኪዱ የሰማዩን ኮርማ ገደሉ፤ አማልክት ተሰብስበው ኤንኪዱ ይሙት ብለው ፈረዱ። ከዚያ በኋላ ያለው የጊልጋመሽ ለቅሶና ከሞት ሽሽት ነው፤ ኮርማው የተገደለበት ክፍል ከዚያ ጋር ሲተያይ ምን ያህል ትንሽ ነው! ያዕቆብንማ ማስረዳት አያሻም። ሌሊቱን ሙሉ ታገለ፣ እስራኤል ተባለ፣ ሲነጋ እያነከሰ ሄደ። ፑን ፑን አያነክስም፤ ወረቀቱ ላይ ለማንከስ ቦታ የለውማ።

ይህን የጨዋታው ደራሲዎች ራሳቸው ኋላ ላይ የተረዱት ይመስለናል። በ1994 በወጣው «ፕሌንስኬፕ» ሲጂል የምትባለውን ከተማ የምትገዛ «የሥቃይ እመቤት» አለች። አማልክት እንኳ ከተማዋ አይገቡም። እሷን ሲፈጥሩ ነጥብ አልሰጧትም፤ ሆን ብለው ነው። ከምን ላይ ይቀነስባታል? በጠረጴዛው ዙሪያ ከዜውስ ይልቅ እሷን ቢፈሩ አይገርመንም።

ስለዚህ ወዳጃችን ወረቀቱን ይቅደድ አላልንም። ጀርባው ባዶ ነው፤ እዚያ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍልን። ገጸ ባሕርዩ ከዚያ አምላክ ጋር የተጣላው በምን ነው? ጦሩን የሚገፋለት ማን ነው? ካሸነፈስ በኋላ ምኑን ያጣል? ይህን ጽፎ ያምጣ፤ የፊቱን ቁጥር አምስታችን ቁጭ ብለን በአንድ ማታ እንሞላለታለን።