ስለ ሞተር መሸጫው ቡና ቤት፦ «ይዘጋ» ለሚሉትም፣ «እንዲሁ ይቀጥል» ለሚሉትም የተሰጠ መልስ



አስፋልቱ ዳር ባለው የሞተር ብስክሌት መሸጫ ውስጥ የተከፈተውን ቡና ቤት በተመለከተ ሰሞኑን ብዙ ይወራል። ግማሹ ሰው «ይዘጋልን» ብሎ ፊርማ ያሰባስባል። ግማሹ ደግሞ «ምን አደረገን? ቡና ነው እኮ!» ብሎ ያልፋል። ሁለቱም ወገን ጉዳዩን ከሥሩ አላየውም እንላለን። በር ላይ በሚደረግ ሐሜት የሚያልቅ ነገር ስላልሆነም የምንለውን በግልጽ ጽፈን ሰሌዳው ላይ አውጥተነዋል።

በመጀመሪያ «ይዘጋ» ለሚሉት።

ምክንያታቸው «ሥራ ፈት ጎረምሳ ይሰበስባል፣ ጩኸት ያበዛል» የሚል ነው። ጩኸቱ እውነት ነው። ነገር ግን የሚጮኸው ሞተሩ እንጂ ጀበናው አይደለም። ቡና ቤቱ ሳይከፈትም እኮ ሰው ሞተሩን ሊያሠራ ይመጣ ነበር። ያኔ የሚቀመጥበት ስላልነበረው እግረኛ መንገዱ ላይ ተኮልኩሎ፣ ሞተሩን እያስጓራ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ዘይት የሚያስቀይረውም፣ ጎማ የሚያስለጥፈውም፣ የሊብሬና የታርጋ ጣጣ የሚጨርሰውም ተቀምጦ ይጠብቃል። ታዲያ ቡና ቤቱ ሲዘጋ ይህ ሰው የት ሊሄድ ነው? ተመልሶ እናንተው በር ላይ ነዋ!

«ሥራ ፈት» የሚለውም ስድብ ይቅር። አብዛኛው ሞተረኛ ዕቃ አድራሽ ነው፤ ላቡን አንጠፍጥፎ የሚበላ ሰው ነው። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ወንጀልን ለመከላከል በሚል ሞተር ብስክሌት ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ሲያግድ፣ የጥቂት ሌቦች ሥራ በሁሉም ላይ ሲለጠፍ አይተናል። ያንኑ በሰፈር ደረጃ ልንደግመው አይገባም።

የሰው አገርም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። ለንደን ውስጥ ኤስ ካፌ የሚባል የሞተረኞች ቡና ቤት በ1938 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በ1969 ተዘጋ። ሞተረኛው ግን አልጠፋም። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2001፣ ያው ቤት እዚያው ቦታ ላይ በሙሉ ታድሶ ተከፈተ። መዝጋት ሰውን ይበትናል እንጂ ነገሩን አያጠፋም።

ቀጥሎ «እንዲሁ ይቀጥል» ለሚሉት።

ወገኖች፣ ማንደጃውን አይታችኋል? ቡናው የሚፈላው በከሰል ነው። ከማንደጃው ጥቂት ርምጃ ራቅ ብሎ ሠራተኛው የቤንዚን ታንክ ይፈታል፣ ካርቡሬተር በቤንዚን ያጥባል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ በኖ አይጠፋም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄዳል። ማንደጃውም ያለው መሬት ላይ ነው! ቤንዚን ደግሞ ሙቀት አይጠብቅም፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። እስከ ዛሬ አልተቀጣጠለም ማለት አይቀጣጠልም ማለት አይደለም። ቢነሳ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው ረከቦቱ ፊት የተቀመጡትን እኅታችንን ነው፤ ቀጥሎ ግድግዳ የሚጋሩትን ጎረቤቶች።

በክረምት በሩ ሲዘጋ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። በቅርቡ የገቡት የኤሌክትሪክ ሞተሮችም «ቤንዚን የላቸውም» ተብለው አይታለፉም። ባትሪያቸው የተበላሸ ወይም አለአግባብ ቻርጅ የተደረገ እንደሆነ፣ እሳቱ በቀላሉ አይጠፋም፤ ጭሱም መርዝ ነው። ሰው ተቀምጦ ቡና ከሚጠጣበት ወንበር ሥር ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

ለቡናው ጣዕም የሚጨነቅ ካለም እንንገረው፦ ቡና የአካባቢውን ሽታ ይስባል። ዘይትና ጎማ አጠገብ የተቀመጠ ቡና ዘይትና ጎማ ቢሸት አይገርምም።

በሦስተኛ ደረጃ ለባለ ሱቁ ለጋሼ።

እርስዎ «ቡናው አያተርፍም፤ ለውለታ ነው ያስቀመጥኳት» ይላሉ ተብሏል። የሲኒውን ብቻ ከቆጠሩ ልክ ነዎት። ነገር ግን ቡና ይዞ የተቀመጠው ደንበኛ አንድ ሰዓት ዕቃዎን ሲያይ ቆይቶ ካንዴላ ይጨምራል፣ የራስ ቆብ ይገዛል፣ ጓደኛውንም ይዞ ይመጣል። ያ ትርፍ የሚጻፈው በሞተሩ መዝገብ ላይ ነው፤ ያመጣው ግን ጀበናው ነው። እንግዲህ ማን ነው ለማን ውለታ የዋለው?

ይባስ ብሎ «ሞተር ለገዛ ሰው በነፃ ቅጂለት» ይባላሉ። ቡናውስ፣ ስኳሩስ፣ ከሰሉስ የማን ነው? ነፃ ቡና የሚባል ነገር የለም፤ የከፈለው ሰው አልታየም ማለት ብቻ ነው። የከፈሉት እሳቸው ናቸው። ማዶ ጀበና ጥደው ልጅ የሚያሳድጉት እናቶችም ይከፍላሉ፤ ደንበኛቸው በነፃው ይሄድባቸዋልና። ከዚያም በላይ በመካከላችሁ አንዲት ወረቀት የለም። ነገ «ውጪ» ቢባሉ ረከቦታቸውን አንጠልጥለው ከመውጣት በቀር ምን መናገሪያ አላቸው?

ስለሆነም የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው፦

1ኛ/ ከሰል ከመሸጫውና ከመጠገኛው ክፍል ዛሬውኑ ይውጣ። ቡና ቤቱ እስከ ጣሪያ በደረሰ ግንብ ይለይ፤ ወደ መንገድ የሚወጣ የራሱ በርና በቂ መስኮት ይኑረው። የኤሌክትሪክ ምድጃም ቢሆን ግንቡ ሳይሠራ አይገባም፤ እሱም ትነት ያቀጣጥላልና። የግንቡን ወጪ ትርፉን የሚሰበስበው ባለ ሱቁ ይቻል።

2ኛ/ ባትሪ ቻርጅ የሚደረገው ሰው ከሚቀመጥበት ተለይቶ ይሁን።

3ኛ/ ለደንበኛ ቡና መጋበዝ የፈለገ ሱቅ ኩፖን ይስጥ፤ ኩፖኑን ቆጥሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቡና አፍዪዋ ሂሳቡን ይክፈል።

4ኛ/ ኪራዩ፣ የመብራትና የውኃው ክፍያ፣ እንዲሁም ከማስለቀቅ በፊት የሚሰጠው ጊዜ በጽሑፍ ውል ይስፈር፤ ምስክር ይፈርምበት።

5ኛ/ ቢራና አረቄ በፍጹም አይሸጥ። ጠጥቶ ሞተር የሚነሳበት ቤት አንፈልግም። ሞተር ማስጓራትም እግረኛ መንገዱ ላይ ይቁም።

ፊርማ የምታሰባስቡ ወገኖች፣ ወረቀቱን አትቅደዱት። «ይዘጋ» የሚለውን ሠርዙና «ይስተካከል» ብላችሁ ጻፉበት፤ ያን ጊዜ እኛም ከፊተኞቹ ጋር እንፈርማለን። የማኅበሩ ኮሚቴም ባለ ሱቁንና ቡና አፍዪዋን ባንድ ላይ ጠርቶ ያነጋግር። አንዱን ብቻ ሰምቶ መወሰን ዳኝነት አይደለም።

ቡናው ይቀጥል! ከሰሉ ይውጣ! ውሉ ይጻፍ!