እንቁላሏን በላች የተባለችው ዓሣ

ራም የሚባለውን ድንክ ሲክሊድ ቤታቸው በሚያራቡ ሰዎች ዘንድ አንድ ፍርድ ሥር ሰዷል፤ ወላጆቹ እንቁላል በላተኞች ናቸው ይባላል። ስለዚህ እንቁላሉ የተጣበቀበት ድንጋይ ገና በዕለቱ ተነሥቶ ሌላ ገንዳ ይገባል፣ በአየር ፓምፕ ይናፈሳል፣ ሻጋታ እንዳይይዘውም ሜቲሊን ብሉ የተባለ መድኃኒት ጠብ ይደረግበታል። ፍርዱ ግን ምርመራ አልቀደመውም። ራም በቬንዙዌላና በኮሎምቢያ፣ በኦሪኖኮ ተፋሰስ ሞቃት፣ ለስላሳና አሲዳማ ውሃ የለመደ ዓሣ ነው። ማዕድን በበዛበት፣ ጠንካራ በሚባለው ውሃ ውስጥ እንቁላሉ ብዙ ጊዜ አይፈለፈልም፤ ዘር ያላገኘውም ነጭ ሆኖ ይሻግታል። ወላጆቹ ሻጋታው ወደ ጤነኛው እንዳይዛመት የሞተውን እየለቀሙ ይበላሉ፤ ሁሉም ከሞተ ሁሉም ይበላል። ጠዋት ባዶ ድንጋይ ያየ ሰው እናቲቱን ይወቅሳል፤ ውሃውን የቀዳው ግን እሱ ነው። እንቁላሉ በሁለት ሦስት ቀን ሲፈለፈል ደግሞ ወላጆቹ መዋኘት ያልጀመሩትን እጮች በአፋቸው እያነሡ አሸዋ ውስጥ ወደቆፈሩት ጉድጓድ ያዛውሯቸዋል። ይህም ከሩቅ ላየው መብላት ይመስላል። (ልጅን በአፍ መያዝ ለሲክሊድ ወገን እንግዳ አይደለም፤ የሐይቆቻችን ቆሮሶም እንቁላሏን የምታስፈለፍለው በአፏ ይዛ ነው።)

እንቁላል የሚያነሡትም መልስ አላቸው። ጀማሪ ጥንዶች በእርግጥ ጤነኛ እንቁላል ይበላሉ፣ ሌሎች ዓሦች በሚርመሰመሱበት ገንዳም ተጨንቀው ይበላሉ። እውነት ነው፤ ግን ለሁለተኛው ችግር መድኃኒቱ ለጥንዶቹ የብቻ ገንዳ መስጠት ነው፣ ለመጀመሪያው ደግሞ ትዕግሥት። የተመቻቸው ጥንዶች ብዙም ሳይቆዩ ደግመው ስለሚጥሉ የአንድ ዙር ኪሣራ ይተካል። የሚከብደው የቁጥር ክርክር ነው፤ ሰው ሠራሽ አያያዝ ብዙ ጫጩት ያተርፋል ይላሉ። ለገበያ ለሚያራባ ይህ ስሌት ይገባኛል። ሆኖም ልጁን የሚጠብቀውም የሚተወውም ዓሣ እኩል ዘር እንዲተካ ከተደረገ መጥፎ ወላጅ የሚለይበት ወንፊት የለም። ወላጅነት ሁሉ በዘር ይተላለፋል አልልም፤ በከፊልም ቢተላለፍ ግን የዚህ አሠራር ጉዳት ትውልድ በቆጠረ ቁጥር ይከማቻል። ከጥንዶቹ አንዱ የሞተበት ሰው እንቁላሉን ቢያነሣ አልከራከረውም። ጤነኛ ጥንድ ይዞ፣ የውሃውን ጥንካሬ እንኳ ሳይለካ፣ በመጀመሪያው ሌሊት የሚያነሣው ግን ዓሦቹ ማሳደግ እንደማይችሉ በምን አወቀ?