የእናቴ ቤት ስንት ካሬ ነው?

ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ወር እናቴ ጋ ምሳ ስበላ አንድ ወረቀት አወጣችልኝ። የጣሪያና ግድግዳ ግብር ነው። "እስቲ ይቺን እያት፣ ዘንድሮ በዛብኝ" አለች። ሳነበው ቤቷ 96 ካሬ ሜትር፣ ግድግዳው ብሎኬት ይላል። እንዴ! እኔ ያደግኩበት ቤት ጭቃ ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ደመወዙ እየቆጠበ የሠራው፣ እኔና እህቴ ለበዓል ስንለቀልቀው ያደግን ጭቃ ቤት። ሜትር ተውሼ ለካሁት። 8 በ8፣ 64 ካሬ ነው። 32ቱ ከየት መጣ ብዬ ግቢውን ስዞር ገባኝ። የኩበት ማስቀመጫዋን፣ አራት እንጨት ላይ የተጣለች ቆርቆሮ፣ ቤት ብለው ደምረውታል።

እናቴ "ተው ልጄ፣ ከመንግሥት ጋር ምን አካሰሰህ፣ ክፈልና ይውጣልን" አለችኝ። እኔ ግን ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ ያገኘኋት ልጅ የድሮ ተማሪዬ ሆነች። "ቲቸር! እርስዎማ አይሰለፉም፣ ይስጡኝ እኔ አስተካክለዋለሁ" አለች። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ላቀብላት ነበር። ዞር ስል ግን ከኋላዬ ጎረቤታችን እትዬ ቆመዋል። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጠላ ሸጠው የሚኖሩ ሴት ናቸው። የሳቸውም ጭቃ ቤት ብሎኬት ተብሏል። እሳቸው እዚያ ውስጥ ያስተማሩት ልጅ የላቸውም።

አፈርኩ። "ልጄ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ በማመልከቻ ይሁንልኝ" አልኳትና ከውጭ ቁጭ ብዬ ሁለት ማመልከቻ ጻፍኩ፣ አንዱን ለእናቴ፣ አንዱን ለእትዬ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥተው ለኩ፣ የእናቴ ተስተካከለ። የእትዬ ስፋቱ ተስተካክሏል፣ ብሎኬቱ ግን እስከ ዛሬ ብሎኬት ነው። እየተመላለስን ነው።

"አስተማሪ ሆኖ ግብር አትክፈሉ ይላል እንዴ?" የሚል አይጠፋም። የኔ ግብር ደመወዜ እጄ ሳይገባ ነው የሚቆረጠው። መንገድም ውሃም ከዚሁ ብር እንደሚሠራ አውቃለሁ። የእናቴንም በ64 ካሬ ከፍለናል፣ ደረሰኙ አለ።

አሁን የምጽፈው ወደፊት ነገሩ ስለሚከብድ ነው። የጣሪያና ግድግዳ ግብር መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው፤ የሚሰላው ቤቱ በዓመት ምን ያህል ይከራያል ተብሎ በሚገመት ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው የንብረት ታክስ አዋጅን፣ ቁጥር 1365ን አጽድቋል። በዚህኛው መነሻው የቤቱ ዋጋ ነው። ከዋጋው 25 በመቶው ይወሰድና ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ይጣልበታል።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝና እንሥራው። 2 ሚሊዮን ብር የተገመተ ቤት፣ 25 በመቶው 500 ሺህ ነው። ታክሱ እንደ ምጣኔው ከ500 እስከ 5,000 ብር ይመጣል። ገማቹ ጭቃውን ብሎኬት ብሎ 3 ሚሊዮን ቢጽፍስ? ከ750 እስከ 7,500 ብር። አንድ ቃል ተሳስቶ በየዓመቱ ግማሽ ያህል ተጨመረባችሁ ማለት ነው። ደግሞ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ በመጣ ቁጥር ቤት ተወዷል። የቤቷ ዋጋ ጨመረ ተብሎ የእናቴ ጡረታ ግን አልጨመረም። ቤቷን አትሸጠው፣ የት ትገባለች?

ስለዚህ ግምቱ ትክክል መሆን አለበት፣ ስህተት ሲኖርም ሰው የሚጠይቅበት በር ሊኖረው ይገባል። እኔ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ወረቀቱ ድምሩን ብቻ ሳይሆን ስሌቱን ያሳይ፤ ስፋቱን፣ የግድግዳውን ዓይነት፣ የካሬውን ዋጋ። ሁለተኛ፣ ቅሬታ የሚያየው ሰው ራሱ ገማቹ አይሁን። እኔም ያረምኩት ፈተና ላይ ቅሬታ ሲመጣ ሌላ አስተማሪ ቢያየው ይሻላል። ሦስተኛ፣ መልሱ በጽሑፍና በቀን ይሁን። "ነገ ተመለሱ" መልስ አይደለም።

አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. ግምቱን ስታሻሽል ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል፣ ከሳሹ እናት ፓርቲ ነበር። ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ ልተወው። ግን በግብር ጉዳይ መጠየቅ ወንጀልም ነውርም እንዳልሆነ ሁላችንም አይተናል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 37 ላይ ፍትሕ የማግኘት መብትን ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል፣ ዘመድ ላለው ብቻ አላለም።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ቅዳሜ ቤት ስትሄዱ የእናት የአባታችሁን የግብር ወረቀት አውጡ። ሜትር ይዛችሁ ለኩ፣ ግድግዳውን ፎቶ አንሱ። ስህተት ካለ ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ቅጂውን ማኅተም አስመትታችሁ አስቀምጡ። ጎረቤት ማንበብ የማይችል ካለ የሱንም እዩለት።

ቢሮ ውስጥ የምትሠሩት ደግሞ፣ እኔን ከሰልፍ አታውጡኝ። ሰልፉን አሳጥሩልን።