የአያትህ ባለ ሁለት አፈሙዝ ለሠርግ አይተኮስም

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዙና አንብቡት።

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ብዙ ሰው ስንት ዓመት የኖረበትን ቤት ለቀቀ። ወደ እኛ ወደ ኦሎምፒያም ስንት ቤት ዕቃውን ጠቅልሏል። ሰው ቤት ሲለቅ ደግሞ ከአልጋ ሥር ያለው ሁሉ ይወጣል፦ የቆርቆሮ ሳጥን፣ የሠርግ ፎቶ፣ አንዳንዴም በጨርቅ የተጠቀለለ የአያት ጠመንጃ። ያኔ ክርክር ይነሳል። አንዱ «ይሸጥ» ይላል፤ ሌላው «ግድግዳ ላይ ይሰቀል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ለጥር ሠርግ እናጩኸው» ይላል። የዛሬ ጠቤ ከሦስተኛው ጋር ነው።

አቋሜ አጭር ነው፦ ያልተመረመረ አሮጌ ጠመንጃ አይተኮስም። ለሠርግም፣ ለለቅሶም፣ «እስቲ እንሞክረው» ተብሎም አይተኮስም። ቅርስ ስለምጠላ አይደለም። አያቱን የሚያከብር ሰው የአያቱን ዕቃ አውቆ ይይዛል ብዬ ስለማምን ነው።

የመጀመሪያው መከራከሪያ «የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነው» የሚለው ነው። አዎ፣ የድሮ የልብስ ስፌት መኪና እስከ ዛሬ ይሰፋል። ጠመንጃ ግን ጠንካራ የሚሆነው ለተሠራለት ባሩድ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ ጭስ አልባውን ባሩድ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት የ1874ቱ ጠመንጃ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነበር፤ ለበን የሚሉት የ1886ቱ ደግሞ በጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩስ የመጀመሪያው የጦር ሠራዊት ጠመንጃ ነው። በመካከላቸው ያለው 12 ዓመት ብቻ ነው፤ የአንዱን ባሩድ በሌላው መተኮስ ግን ሌላ ነገር ነው። የአደን ጠመንጃም በዚያው ዘመን እንዲሁ ለሁለት ተከፈለ። አፈሙዙ ላይ እንደ ጥበብ ቀሚስ ጥለት የሚያምር መስመር ካየህ፣ ብረትና አረብ ብረት እየተጠማዘዘ በእሳት ተበይዶ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሲያዩት ያምራል፤ ዝገቱ ግን በብየዳው ውስጥ ተደብቆ ሊኖር ይችላል። ለዘመኑ መደበኛ ባለ 12 ቁጥር ጥይት የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 740 ባር ነው። የመኪናህ ጎማ 2 ባር አካባቢ ነው። አስበው።

ሁለተኛው «ጥይቱ ከገባለት ይተኮሳል» የሚለው ነው። ከሁሉም አደገኛው ይሄ ነው። ብዙ የድሮ ባለ 12 ቁጥር ጠመንጃ የተሠራው 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላለው ቀለህ ነው፤ የዛሬው በአብዛኛው 70 ነው። የዛሬው ጥይት ጫፉ ታጥፎ ስለተዘጋ አጠር ብሎ ያለችግር ይገባል። ሲተኮስ ግን እጥፋቱ ይዘረጋና አፈሙዙ መጥበብ የሚጀምርበት ቦታ ድረስ ይደርሳል። እርሳሱ መውጫው ይጠበዋል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ሌላም አለ፦ ባለ 20 ቁጥር ጥይት በስህተት ባለ 12 ውስጥ ከገባ ወደ ፊት ተንሸራቶ አፈሙዙ ውስጥ ይቀረቀራል። ተኳሹ «አልገባም መሰለኝ» ብሎ ከኋላው ባለ 12 ይጨምርና ቃታውን ይስባል። አፈሙዙ የሚፈነዳው ግራ እጁ ከያዘበት አካባቢ ነው። ስለዚህ «ወደ ሰማይ እኮ ነው የምተኩሰው፣ ማንን ይጎዳል?» አትበለኝ። ጣቱን የሚያጣው ጎረቤት ሳይሆን ጠመንጃውን የያዘው የእህትህ ልጅ ነው። ክላሽ ወይም ምንሽር ከሆነ ደግሞ ወደ ሰማይ የወጣው ጥይት ተመልሶ ሰው ላይ ይወርዳል፤ ከደንበል እስከ ፍላሚንጎ ባዶ ሜዳ የለንም።

ሦስተኛው «አያቴ ሲተኩሱበት ኖረው ምንም አልሆኑም» ነው። አያትህ ቆቅና ጅግራ ያድኑበት የነበረው ዘይት እየቀቡ፣ ጥይቱንም እያወቁ ነው። ከእሳቸው በኋላ ስንት ክረምት እርጥበት ውስጥ እንደተኛ አንተም አታውቅም።

ታዲያ አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጭራሽ አይተኮስም ወይ? ይተኮሳል፤ በሌላው ዓለም የመቶ ዓመት ጠመንጃ ይዘው የሸክላ ኢላማ የሚመቱ አሉ። ግን መርጠው ነው። ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጣሉ። አፈሙዞቹን ፈትተው ወደ ብርሃን ይዘው ውስጡን ያያሉ፤ ጉድጓድ ወይም እብጠት ካለ እዚያው ያበቃል። አንጠልጥለው በጣት ጥፍር ይመቱታል፤ እንደ ደወል ካልጮኸና ድምፁ ከደነዘ ሁለቱን አፈሙዞች የያዘው ብየዳ ለቆ ይሆናል። ገጥመው ያወዛውዙታል፤ ከተንቀጫቀጨ ለባለሙያ ይሰጣል። ከአፈሙዙ ሥር የተመታውን ማኅተም ያነባሉ፤ የበርሚንግሃም ሆነ የሊዬዥ ፈታሾች በምን ባሩድ እንደፈተኑት የሚናገረው ያ ማኅተም ነው። በመጨረሻ ጥይቱ የሚቀመጥበትን ክፍል ርዝመት በመሣሪያ ይለካሉ። ይህን ሁሉ ካለፈ ለእሱ የሚስማማ ለስላሳ ጥይት ይገዛሉ።

አተኳኮሱም እንዲሁ ሥርዓት አለው። ሰደፉ ትከሻ ላይ፣ ጉንጭ እንጨቱ ላይ ይሆናል። የፊተኛው ቃታ ብዙውን ጊዜ የቀኙ አፈሙዝ ነው፤ እርሳሱን ሰፋ አድርጎ ስለሚበትን ለቅርቡ ይሆናል። የኋለኛው የግራው ነው፤ ሰብሰብ አድርጎ ስለሚልክ ለሩቁ ነው። ሁለቱን ባንዴ መሳብ ጀግንነት አይደለም። በአንድ እጅ ከወገብ ላይ ወደ ሰማይ መልቀቅማ ጩኸት እንጂ ተኩስ አይባልም።

ሕጉንም እንዳትረሳ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። «አሮጌ ነው»፣ «የአያቴ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። በደላላ በኩል ጨለማ ለብሶ የሚሸጥ ጠመንጃም ነገ ማን ላይ እንደሚዞር አታውቅም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከአልጋ ሥር ካገኘኸው አትነካካው፣ ላዳ ውስጥ ጭነህም አትዙር። ለፖሊስ አሳውቅና በሕጉ መንገድ ጨርስ። ማን እንደገዛው፣ የት እንደዋለ፣ ስንት ጅግራ እንደጣለ ግን እናትህን ጠይቀህ ዛሬውኑ ጻፈው። ቅርሱ ታሪኩ ነው፤ ታሪክ ደግሞ ተጽፎ እንጂ ተተኩሶ አይቆይም።

ጥር ሳይገባ ለሚዜዎቹ አድርሱልኝ። ቸር ይግጠመን።