በካባ ይዋጋ

ከመዳፉ እሳት የሚወረውር፣ ከገደል ዘሎ ጉልበቱ የማይታጠፍ፣ ሞቶ በሦስት ሰከንድ የሚነሳ ገጸ ባሕርይ እሺ ብለን ተቀብለናል። ካባ ሲለብስ ግን «እንዴት አድርጎ ሊሮጥ ነው?» እንላለን።

ይቺን ጥያቄ እዚሁ አገር ጌም ለመሥራት ከተነሱ ልጆች ደጋግሜ ሰምቻታለሁ። እኔ ኮድ ነው የምጽፈው፤ ሥዕሉ የሌሎች ሥራ ነው። ግን ሥዕሉ እኔ ጋ እስኪደርስ ምን እንደሚቆረጥበት አያለሁ። መጀመሪያ የሚመጣው ንድፍ ሙሉ ነው። ካባ አለው፣ ጎፈር አለው፣ ጋሻው በብር ተለብጧል። ከዚያ አስተያየት ይመጣል፤ «ፕራክቲካል አይደለም»። ካባው ይወልቃል። «ይሄ ነገር አይሞቀውም?» ጎፈሩ ይነሳል። በሦስተኛው ዙር የሚቀረው ቡናማ የቆዳ ጃኬት፣ ቡናማ ቀበቶ፣ ቡናማ ቦት ጫማ ያደረገ፣ ከስካይሪም የተዋስነው የሚመስል ሰውዬ ነው። ኢትዮጵያዊነቱ እንዲታወቅ እጅጌው ጫፍ ላይ ጥለት ትለጠፍለታለች። በቃ፣ ባህላችንን አካተናል።

እኔ ደግሞ እላለሁ፤ ካባው ይመለስ። የምለውም ለቅርስ ተቆርቁሬ አይደለም። የጌም ገጸ ባሕርይ ልብስ ሥራው መናገር ነው። ሙቀት መከላከልና ለሩጫ መመቸት የኛ የሥጋ ለባሾቹ ችግር ነው። በልብስ በመናገር ደግሞ ከማንም የማናንስ ሕዝብ ነን፤ ያውም እውነተኛ ጥይት በሚጮህበት ሜዳ ላይ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የዋሉትን የጦር አለቆች አስቧቸው። በራሳቸው ዙሪያ የአንበሳ ጎፈር፣ ትከሻቸው ላይ ለምድ፣ ክንዳቸው ላይ በብር ያጌጠ የቆዳ ጋሻ። ፊት ለፊታቸው ጠመንጃና መድፍ አለ። እነሱም ጠመንጃና መድፍ አላቸው። የቆዳ ጋሻ ጥይት እንደማያቆም ለእነሱ የሚነግራቸው ሰው አያስፈልግም ነበር፤ ከኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። ታዲያ ለምን ተሸከሙት? ለምን ያንን ሁሉ ፀጉር ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው ተራራ ወጡ?

ምክንያቱም ልብሱ ንግግር ነበር። ጎፈሩ ይህ ሰው ግዳይ የጣለ ነው ይላል። ለምዱ ይህን ሰው የበላዩ ሸልሞታል ይላል። ብሩ ማዕረጉን ይናገራል። ከኋላው የሚከተለው ወታደር በአቧራና በባሩድ ጭስ መሃል ቀና ሲል አለቃው የት እንዳለ ያያል። ጠላትም ያያል፤ ይታይ ነው የተባለው። ለዚህ ዛሬ የጌም ዲዛይነሮች ስም አውጥተውለታል። ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2007 «ቲም ፎርትረስ 2»ን ሲያወጣ እያንዳንዱ ተዋጊ ፊቱ ሳይታይ፣ በጥቁር ጥላው ቅርጽ ብቻ፣ ማን እንደሆነ እንዲለይ አድርጎ ነበር የነደፈው። ዛሬ የገጸ ባሕርይ ንድፍ የሚማር ሁሉ ይሄን ይማራል። እኛ ልጆች ይሄንኑ ከዩቲዩብ ተምረን ስናበቃ የመጀመሪያ ሥራችን ጎፈሩን ማንሳት ይሆናል። ከዚያ «ገጸ ባሕርዩ ለምን ከሌሎቹ አይለይም?» ብለን ስብሰባ እንጠራለን።

ለምዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔን እንደሱ የሚገርመኝ ልብስ የለም። የአንበሳ ወይም የነብር ቆዳ ትከሻ ላይ ሲጣል የአውሬው እግሮች ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። እሺ፣ ይሄ የቆዳው ተፈጥሮ ነው። በኋላ ግን ለምድ ከከፈይ ጨርቅ በወርቅ ጥልፍ መሠራት ሲጀምር ሰፊዎቹ እነዚያን እግሮች አልተዉአቸውም። ከከፈዩ ላይ ረዣዥም ዘለላዎች ቆርጠው እግር በነበረበት ቦታ አንጠለጠሉ። ጨርቅ እግር አያስፈልገውም። ዘለላው አያሞቅም፣ አይከላከልም፣ እንዲያውም እሾህ ይይዘዋል። ግን አንበሳው በሌለበት አንበሳውን ይናገራል። ይሄን ያደረገ ሰው ስሙ ባይጻፍም የገጸ ባሕርይ ንድፍ ምን እንደሆነ ከብዙዎቻችን በተሻለ ገብቶታል።

የሚከራከረኝ ሰው እዚህ ጋ ጠንካራ ካርድ አለው። እኔው ልምዘዝለት። በ1928ቱ ጦርነት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለሠራዊቱ ባስተላለፉት ምክር በብርና በወርቅ ያጌጠው ካባ፣ የሐር ሸሚዙ፣ ጋሻው ጥቅም እንደማይሰጥ፣ ይልቁንም ቀለሙ የደበዘዘ እጀ ጠባብ መልበስ እንደሚሻል ነግረዋል። ትክክል ነበሩ። ከላይ አውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ ይዞ ሲመጣ መታየት ማለት መሞት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም በአሜሪካ ጦር ዩኒፎርም ነው የተዋጋው፤ ማንም አላማውም።

ግን ይሄ ታሪክ ለማን ነው የሚመሰክረው? ንጉሠ ነገሥቱ ካባውን አስወልቁ ያሉት ሰው እንዳይሞት ነው። የኛ ገጸ ባሕርይ ሞቶ በሦስት ሰከንድ ይነሳል ብያለሁ። ካባውን የሚያስወልቅ አውሮፕላን በላዩ የለም። ያለው የእኛ ፍርሃት ብቻ ነው፤ «ቀልድ ይመስላል»፣ «ውጭ አገር አይሸጥም» የሚል ፍርሃት። ያ ምክር ለሕይወት ሲባል የተከፈለ ዋጋ ነበር። እኛ ግን ምንም ሳይመጣብን በራሳችን እጅ እየከፈልነው ነው።

የሚገርመው፣ ያው ጦርነት ነው መርካቶን ዛሬ ያለበት ቦታ የተከለው። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ፣ ከጊዮርጊስ አካባቢ፣ ወደ ምዕራብ ገፍቶ አሁን አዲስ ከተማ ወደምንለው ሰፈር አመጣው፤ ስሙም ከዚያው ቀረ። አገሬው ለብቻው እንዲገበይ የተሰመረ ካርታ ነበር። በዚያ ካርታ ላይ ደግሞ ዛሬ በትንሽ እርምጃ ለፋንታሲ ጌም የሚሆን ሙሉ የልብስ ክፍል ታገኛላችሁ። ሸማ ተራ ጥጉና ጥለቱ። ምን አለሽ ተራ ደግሞ በርሜልና ቁርጥራጭ ብረት ቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ የሚያደርግ እጅ። ከጨርቁ ሱቆች መሃል ከፈይ በጣቃ፣ የወርቅና የብር ክር በጥቅል፣ የተጠለፈ ካባ ተሰቅሎ። አርቲስቶቻችን ግን ማጣቀሻ ሲፈልጉ ፒንተረስት ላይ «አፍሪካን ዋሪየር» ብለው ነው የሚጽፉት። የሚመጣላቸው ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ከየትም ያልሆነ ዶቃና ላባ።

ካባ ሙዚየም የገባ ነገር መስሎ የሚያወራ ሰውም አለ። ወንድሜ፣ ጥር ላይ መልስ ተጠርተህ አታውቅም? ሙሽራው ከፈይ ካባ በሱፍ ላይ ደርቦ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ እስክስታ ይመታል። ሙሽራይቱም እንደዚያው። አዳራሹ ውስጥ ካሉት ሁሉ አንድ ሰው እንኳ «ፕራክቲካል አይደለም» አይልም። ከማይመቸው ውስጥ ነው ክብሩ የሚታየው። ነገ ጠዋት ጂንስ እንደሚለብስ ሁሉም ያውቃል፤ ዛሬ ግን ንጉሥ ነው። ጌም ውስጥ የምንሠራው ጀግና ሁልጊዜ «ዛሬ» ላይ ነው ያለው። ጂንስ የሚለብስበት ነገ የለውም።

ደግሞ ይሄ ሁሉ ማጣቀሻ ዘላለም ተሰቅሎ አይጠብቀንም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ አካባቢ የተነሳውን እሳት ሁላችንም በስልካችን አይተነዋል። የነጋዴው ኪሳራ ከምንም ይቀድማል። ግን ከተቃጠለው ጨርቅ ስንቱ ጥለትና ጥልፍ ፎቶ ተነስቶ፣ ተለክቶ፣ ተመዝግቦ ነበር? ስካን አድርገን ያስቀመጥነው የለንም፤ ሲያስፈልገን መርካቶ አለ ብለን ነው የምንኖረው።

አሁን ወደ ነጠላ ልምጣ፤ እኔን እንደ ኮድ ጸሐፊ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ነጠላ ለጌም የተፈጠረ ስቴት ማሽን ነው። ያው ጨርቅ፣ ያው ሰው፤ አለባበሱ ሲቀየር ትርጉሙ ይቀየራል። ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ መስቀል ሠርቶ ይጣፋል። ሐዘን ላይ ጥለቱ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ አንገትና ፊት አካባቢ ይሆናል። ታላቅ ሰው ፊት ሲቀረብ ይደገደጋል። እናቶቻችን መንገድ ላይ ያገኟትን ሴት ሰላም ሳይሏት «ማን ሞተባት?» የሚሉት ከነጠላዋ አንብበው ነው። አስቡት፤ በጌማችን የጀግናዋ ወንድም ይሞታል። ምንም ጽሑፍ አይወጣም፣ ሙዚቃም አይለወጥም። ከሚቀጥለው ትዕይንት ጀምሮ ግን ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቷል። አዲስ አበባ ያለ ተጫዋች ሆዱ ይባባል። ቶኪዮ ያለው አንድ ነገር እንደተቀየረ ያይና ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይገባዋል፤ ሲገባው ደግሞ አይረሳውም። ነጠላ ለብሶ መዋጋት ግን አይመችም። አዎ፣ አይመችም።

ይሄ የኔ ሕልም ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሌሎች ሠርተውታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ጀርኒ» ቀይ ካባ የለበሰ ሰው በበረሃ የሚጓዝበት ጌም ነው። ምን ያህል መብረር እንደሚችል የሚነግራችሁ አንገቱ ላይ ያለው ሻርፕ ርዝመት ነው። ጌሙን ጨርሳችሁ እንደገና ስትጀምሩ ካባው ላይ ጥልፍ ይጨመራል። በበረሃ ረጅም ሻርፕ እየጎተቱ መሄድ ምኑ ነው ምቹ? ግን ጌሙ ያለዚያ ጨርቅ ባዶ አሸዋ ነው። ያንን ጥልፍ መጀመሪያ ሳይ ያሰብኩት ነገር ቢኖር ይሄን እኛ መሥራት ነበረብን የሚል ነው።

«ስልኩ አይችለውም» የሚሉኝም አሉ። ይሄኛውን በሥራዬ ስለማውቀው ረጋ ብዬ ልመልስ። ጥልፍ ምንም አያስከፍልም። 1024 በ1024 የሆነ ምስል ላይ የወርቅ ጥልፍ ይኑር ቡናማ ቆዳ፣ ተጨምቆ የሚይዘው ሜሞሪ እኩል ነው። ከፈይ ደግሞ ከባድ ጨርቅ ስለሆነ እንደ ሐር አይበርም፤ ትከሻው ላይ የተሰኩ ስድስት ሰባት እንደ ስፕሪንግ የሚወዛወዙ አጥንቶች ይበቁታል። ሙሉ የጨርቅ ሲሙሌሽን ማንም አልጠየቀም። ነጠላ ከበድ ይላል፤ የሚያሳልፍ ጨርቅ ስለሆነ ከኋላው ያለው ሁሉ በቅደም ተከተል መሣል አለበት። እሱንም ማሳለፉን ትታችሁ ነጭ አድርጋችሁ ብትሠሩት ማንም አይከሳችሁም። ጎፈሩ እውነትም ያስቸግራል። ፀጉርን በተደራረቡ አሳላፊ ቁርጥራጮች ከሠራችሁት ርካሽ ስልክ አንዱን ፒክስል አምስት ስድስት ጊዜ እየቀባ ይግላል። ታዲያ እንደ ጥንቱ ሥዕል አድርጉት፤ በትልልቅ ጠንካራ ጉንጉኖች። የኛ ሠዓሊዎች ጥሩውን ሰው በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን አድርገው በአንድ ዓይን ሲሥሉ አካሉ እንዲህ ነው ወይ ብለው አልተጨነቁም። ማን ማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው የፈለጉት።

አንድ ነገር ግን በኔ ስም እንዳይሸጥ። «ልብስ መመቸት የለበትም» ማለት ለወንዱ ሙሉ ጥሩር፣ ለሴቷ ደግሞ የብረት ጡት መያዣ ማለት አይደለም። ይሄ ክርክር ሲነሳ ሁልጊዜ እዚያ ይገባል፤ «ኤክስፕረሲቭ ነው» ይባላል። ምኑን ነው የገለጠው? የለበሰችውን ወይስ የሚገዛውን? እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ልብሱ ቢወልቅ ስለ ሰውየው የምናውቀው ነገር ይቀንሳል ወይ? ከጦር አለቃው ላይ ጎፈሩን ብታነሱ ታሪኩ አብሮ ይሄዳል። ከዚያች ሴት ላይ ግን መጀመሪያም የተጻፈ ነገር የለም። የ«ኒየር፦ አውቶማታ» ዳይሬክተር ዮኮ ታሮ ጀግናይቱን ለምን እንደዚያ እንዳለበሳት ሲጠየቅ ሴቶች ስለምወድ ነው ብሎ በግልጽ ተናግሯል። ቢያንስ አልዋሸም። እኛ ጋ ዘንድሮ የሚሣሉት «ንግሥተ ሳባ»ዎች ግን በባህል ስም ሆዳቸው ተራቁቶ ይቀርባሉ። የመልሷን ሙሽራ ካባ አልብሷትና ማን የበለጠ እንደምታስፈራ እንይ።

«ውጭ አይሸጥም» ለሚለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን «ኤልደን ሪንግ» ማየት ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የተንቀጠቀጠለት ጄኔራል ራዳን ቀይ ጎፈር የሚመስል ፀጉርና የአንበሳ ጥሩር አለው፤ ያንን ሁሉ ግዝፈት ይዞ አንዲት የከሳች ፈረስ ላይ ይቀመጣል። ፈረሱን ላለመተው ሲል የስበት አስማት ተማረ ይባላል። ለጃፓኖቹ «ፕራክቲካል አይደለም» የሚላቸው አልነበረም። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2»ም እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያውያንን ሲያስገባ ልዩ ተዋጊያችን ያደረገው ሾተል የያዘውን ነው። ያ ማጭድ የመሰለ፣ ሰገባው እንኳ የሚያስቸግር፣ ከጋሻ ጀርባ ዞሮ ለመውጋት የተቆለመመ ጎራዴ። በባዕድ እጅ ቀጥ ያለ ሰይፍ ሊሰጡን ይችሉ ነበር። አልሰጡንም፤ እኛ ግን ለራሳችን ጀግና ቀጥ ያለውን እየሰጠነው ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ ሂዱ። ስልክ ከማውጣታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ የሱቅ ዕቃ ዝም ብሎ ፎቶ የሚያነሳ ሰው እዚያ አይወደድም፣ ትክክልም ናቸው። ግማሽ ሜትር ከፈይና አንድ ጥቅል የወርቅ ክር ግዙ። መብራት ስር አድርጋችሁ ከስንት አቅጣጫ እንደሚያበራ እዩ፤ ሼደሩን ስትጽፉ ያስፈልጋችኋል። ከተቻለም ካባውን ራሱን ለአንድ ቀን ተከራይታችሁ ቢሮ ውስጥ ለብሳችሁ ሩጡ። ይከብዳል፣ ትከሻ ይጎትታል፣ ስትዞሩ ከእናንተ ዘግይቶ ነው የሚዞረው። ያንን መዘግየት ለክታችሁ አኒሜሽኑ ውስጥ አስገቡት።