“አስገራሚ እውነታ” የተባለው የአያቶቻችን ሰዓት

“ይህን ያውቃሉ?” ብለው በሚጀምሩ የዓለም አስገራሚ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ሳትጠቀስ የምትቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዓመቷ 13 ወር ነው፤ ዘመኗ ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ይላል፤ ሰዓቷ የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ሳይሆን ከጠዋት ነው። ቀጥሎ ደግሞ እኛ ቤተ እስራኤሎች እንመጣለን፤ በአንድ አውሮፕላን ብዙ ሰው በመጓዝ የዓለምን ሪከርድ የያዝነው እኛ ነንና። እንዲህ ያለውን ዝርዝር የክፍል ጓደኞቻችን በስልክ ይልኩልናል፤ ከሥሩ የሳቅ ምልክት አለበት። እኛም እንስቅና ለሌላ እንልካለን።

በመሳቁ ክፋት የለውም። እኛ የሶሻል ወርክ ተማሪዎች ግን በተግባር ልምምዳችን እነዚህኑ “አስገራሚ ነገሮች” በሌላ ቦታ እናገኛቸዋለን፤ በፋይል ውስጥ። ስልክ ላይ ሲነበቡ ጨዋታ ናቸው፤ ቢሮ ሲገቡ ግን ቀጠሮ፣ ጡረታና ገንዘብ ይሆናሉ።

ከሰዓቱ እንጀምር። በአማርኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለት በእስራኤል ሰዓት 9:00 ነው። ልዩነቱ ሁልጊዜ ስድስት ስለሆነ በግድግዳ ሰዓት ላይ አንዱ ቁጥር ከሌላው ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ሦስትና ዘጠኝ ይለዋወጣሉ። ችግሩ ሁለቱም የሥራ ሰዓት መሆናቸው ነው። ጸሐፊዋ በዕብራይስጥ “ቴሻ” ትላለች፤ አብሮ የሄደው የልጅ ልጅ “ቶሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው” ብሎ ይተረጉማል። እማማ በዘጠኝ ሰዓት፣ ማለትም በእስራኤሉ 15:00፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ይደርሳሉ። ቃሉ በትክክል ተተርጉሟል፤ እማማም ሰዓታቸውን አክብረዋል። ፋይሉ ላይ የሚጻፈው ግን “አልመጡም” የሚል ነው። ሁለተኛ ሲደገም “አይተባበሩም” ይሆናል። በእኛ ሙያ ይህች ቃል ቀላል አይደለችም። ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው ትተላለፋለች፤ ቀጣዩ ሠራተኛ እማማን ሳያያቸው በፊት ቃሏን ያነባል።

የሚገርመው ነገር ካለ ይህ በእስራኤል አገር መሆኑ ነው። በሚሽና የመጀመሪያ ክፍል፣ በብራሖት፣ የጠዋቱ ሽማዕ እስከ መቼ ይነበባል ለሚለው ጥያቄ ረቢ ዮሹዓ የሰጡት መልስ እስከ ሦስት ሰዓት የሚል ነው። ይህ ሦስት ሰዓት ከንጋት ጀምሮ የሚቆጠር ነው። ዛሬም በምኩራብ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የሃላኻ ሰዓት የቀኑን ብርሃን ለ12 ከፍሎ ከጠዋት ይቆጥራል። የሺቫ የገባ ልጅ ይህን ሲረዳ ተማረ ይባላል፤ አያታችን ሲሉት ግን “ይህን ያውቃሉ?” ውስጥ ይገባሉ።

ብቻችንን እንዳልሆንንም ማወቅ ጥሩ ነው። በኬንያና በታንዛኒያ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ጠዋት 7:00 ሲሆን “ሳ ሞጃ” ይላሉ፤ ልክ እንደኛ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ይህችን የምንኖርባትን ቤር ሼቫ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ እንደ አዲስ ከተማ የቆረቆሯት ኦቶማኖች ናቸው። በእነሱ የጥንት አቆጣጠር ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ 12 ሰዓት ይሆናል። አሁን በአሮጌው ከተማ ቡና የምንጠጣባቸው ግንቦች ሲሠሩ የአገሩ ገዢዎች ሰዓት ከአያቶቻችን ሰዓት ጋር ሳይቀራረብ አልቀረም።

ስለ 13ቱ ወር ብዙ አንልም። “የ13 ወር ፀጋ” የሚለው መፈክር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሀብተሥላሴ ታፈሰ ቱሪስት ለመሳብ ያወጡት ነው፤ ሥራውንም በደንብ ሠርቷል። ነገር ግን በዕብራይስጥ አቆጣጠር በየ19 ዓመቱ ውስጥ 7 ዓመቶች 13 ወር አላቸው፤ አዳር ሁለት ጊዜ ይመጣል። በ13 ወር መገረም የማይገባው ሕዝብ ቢኖር ይህ ሕዝብ ነው። ደግሞስ ቄሶቻችን በዓላቱን በጨረቃ ሲቆጥሩ፣ ገበያውና ግብሩ በጎረቤቱ የፀሐይ ወር ይሄድ አልነበረም? በአንድ መንደር ሁለት አቆጣጠር ይዞ መኖር ለወላጆቻችን አዲስ ነገር አልነበረም። ከኪፑር በኋላ 50 ቀን ተቆጥሮ በሕሽቫን 29 የሚከበረው ሲግድ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በክኔሴት ሕግ ሆኖ የወጣው፣ ከዚህ ቆጠራ የመጣ ነው።

ዘመንን በተመለከተም ዓለም አንድ ሆኖ አያውቅም። ኔፓል ከአውሮፓው አቆጣጠር በ57 ዓመት ገደማ ቀድማለች፤ ታይላንድ በ543። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1752 ሴፕቴምበር 2 ቀን ተኝተው ሲነሡ ሴፕቴምበር 14 ሆኖ ጠበቃቸው። ሳሞኣ እ.ኤ.አ. በ2011 ዲሴምበር 30ን ከነአካቴው ዘለለችው። በደቡብ ኮሪያ ሰው ሲወለድ አንድ ዓመት ተብሎ፣ አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ሌላ አንድ ይጨመርለት ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 መንግሥት በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠራበትን የዕድሜ አቆጣጠር አንድ ወጥ ሲያደርግ አገሩ በሙሉ በወረቀት አንድ ወይም ሁለት ዓመት ወጣት ሆነ። ለኮሪያ አንድ ሕግ በቂ ነበር። የእኛዎቹ ሽማግሌዎች ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው፣ በየቢሮው፣ በየተራቸው ያስረዳሉ።

ወደ አውሮፕላኑ እንምጣ። ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 1991፣ በሰሎሞን ዘመቻ ወንበሮቹ የተነቀሉለት አንድ የኤል አል ጃምቦ 1,088 ሰዎችን ከአዲስ አበባ አመጣ፤ ጊነስም መዘገበው። በዚያ ዘመቻ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው መጣ፤ ከአራት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 20፣ አዲስ አበባ በኢሕአዴግ እጅ ገባች። ከ1,088ቱ መካከል ሁለቱ በአየር ላይ የተወለዱ ሕፃናት ናቸው። ዝርዝሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ አንባቢውም “ወይ ጉድ!” ብሎ ወደ ሚቀጥለው ያልፋል። እኛን የሚያቆመን ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ዘመቻ የተወለደ ሕፃን ልደቱ በቀን ይታወቃል። በዚያው ዘመቻ ከመጡት ትልልቅ ሰዎች ብዙዎቹ ግን ቴኡዳት ዜሁታቸው ላይ በቀኑና በወሩ ቦታ የተጻፈው ዜሮ፣ ዜሮ ነው። ለአንዳንዶቹ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ተጽፎላቸዋል። (በሰሜኑ የዓለም ክፍል የእሽቅድምድም ፈረሶች ሁሉ፣ በየትኛውም ወር ይወለዱ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን አንድ ዓመት ይጨመርላቸዋል። ይህም በአስገራሚ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አለ።)

“ሽማግሌዎቹ መቼ እንደተወለዱ አያውቁም” ይባላል። ይህን አባባል እኛ አንቀበለውም። ከእነሱ ጋር ቁጭ ብሎ ያወራ ሰው ምን ያህል እንደሚያውቁ ያውቃል። “ጣሊያን ከጎንደር በወጣ ዓመት” ይላሉ፤ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1941። “የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ” ይላሉ፤ 1953 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1960። “ንጉሡ ሲወርዱ እኔ ጡት አልጣልኩም ነበር” ይላሉ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974። እህሉ ታጭዶ ነበር ወይስ ገና አረንጓዴ ነበር፣ ወንዙ ሞልቶ ነበር ወይስ ጎድሎ፣ ከእኔ በላይ ማን አለ፣ ከእኔ በታች ማን ተከተለ፤ ይህ ሁሉ ተጠብቆ ተይዟል። ቅጹ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ የለውም። ቅጹ የሚጠይቀው ቀን፣ ወር፣ ዓመት ነው፤ መልስ ሲያጣ ዜሮ ይሞላል።

ስህተቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት አንድ ምሳሌ እናስብ። አንዲት እናት “የግርግሩ ዓመት፣ በመከር ነው የተወለድኩት” ይላሉ። ስለዚህ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1960 መጨረሻ ነው። ጸሐፊው 1953 የሚለውን ሰምቶ እንዳለ ከገለበጠው እናታችን በአንድ ጊዜ በሰባት ዓመት አረጁ። አሁን ደግሞ ገልብጡት። አንድ አባት አስቀድሞ የተለወጠውን 1960 ይናገራሉ፤ ጸሐፊው የኢትዮጵያ አቆጣጠር መስሎት ሰባት ይጨምርና 1967 ብሎ ይጽፋል። የወንድ ጡረታ በ67 ዓመት ነው። እኚህ አባት በእውነቱ 67 ሲሞላቸው በወረቀት 60 ናቸው፤ በጽዳት ሥራ የተጎዳ ወገብ ይዘው ሌላ ሰባት ዓመት መጥረጊያ ይጨብጣሉ ማለት ነው። ለልጅም ያው ነው፤ ሰባት ዓመት ይቅርና ሁለት ዓመት ብቻ ተሳስቶ ከተጻፈ ከማይመጥነው ክፍል ይገባል፣ ወይም የሠራዊቱ ጥሪ ቀድሞ ይደርሰዋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ ያለፈ ጉዳይ ነው ይሉናል። “የአያቶቻችን ጊዜ አልፏል፤ ጡረታቸውን ወጥተዋል ወይም አርፈዋል፤ አዲስ የሚመጡትም የልደት ወረቀት ይዘው ነው” የሚል ነው ክርክራቸው። ሒሳቡ ግን እንዲህ አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ1991 በ30 ዓመታቸው የመጡት የጡረታን ደጅ የሚያንኳኩት አሁን ነው። እነዚህ አያቶቻችን ብቻ አይደሉም፤ የብዙዎቻችን አባትና እናት ናቸው። ፋብሪካና ጽዳት ሠርተው የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈሉልን፣ ከቤታችን ማንም ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ እኛን ያስገቡን እነሱ ናቸው።

በሕግ በኩል በሩ ዝግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣ የዕድሜ መወሰኛ ሕግ አለ፤ ፍርድ ቤት ማስረጃ አይቶ ዕድሜን መወሰን ይችላል። ቀላል መንገድ ነው አንልም፤ ጠበቃም ትዕግሥትም ይፈልጋል። ግን ማስረጃው ምንድን ነው? ለእኛ ሰዎች የሆስፒታል መዝገብ የለም። ያለው ሰው ነው። እናትህ ስትወለድ አሥር ዓመት የሞላት ታላቅ እህት ናት ማስረጃዋ፤ አዋላጇ ናት፤ በዚያው ሳምንት ልጃቸውን የገረዙት ጎረቤት ናቸው። እነዚህ ሰዎች ዛሬ በሰማንያዎቹ ውስጥ ናቸው። በየወሩ ለቅሶ እንቀመጣለን፤ በየለቅሶው ድንኳን የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የሦስት የአራት ሰው የልደት ምስክር አብሮ ይቀበራል። አጣዳፊነቱ ከዚህ ላይ ነው እንጂ ከዕብራይስጥ ቅጹ አይደለም።

ስለዚህ የምንለምነው ቀላል ነገር ነው። ለሲግድ ወይም ለሰንበት ወደ ቤት የምትሄዱ ሁሉ ደብተር ያዙ። (በሰንበት መጻፍ ስለማይሆን ሰንበት እስኪወጣ ጠብቁ፤ ቡናው ያን ጊዜ ይሻላል።) ዓመት ስትጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውን ሳትጽፉ አትለፉ፤ ምልክት የሌለው ዓመት ለፍርድ ቤትም ለልጅ ልጅም አይጠቅምም። የመስከረም 1 ነገር ደግሞ አትርሱ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ የሚጨመረው 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ ላለው 8 ይሆናል። ቀጠሮ ስትነግሩ “በጠዋት፣ ከሦስት ሰዓት ላይ” በሉ እንጂ ቁጥሩን ብቻ አትተርጉሙ።

ከዩኒቨርሲቲያችን የምንጠብቀውም አለ። ስለ ባህል ብዙ ሰዓት እንማራለን፤ ቡና አፈላልን፣ እንጀራንና እስክስታን እየጠቀሰ የሚያልፍ ትምህርት ግን አይበቃንም። ለሶሻል ወርክ ተማሪ ሁሉ፣ ኢትዮጵያዊ ይሁን አይሁን፣ የሰዓቱንና የዘመኑን ልወጣ የሚያስተምር አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጥ። “አይተባበሩም” ብሎ ከመጻፉ በፊት “በየትኛው ሰዓት ነው የመጡት?” ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ለማፍራት አንድ ክፍለ ጊዜ ብዙ አይደለም።

እኛ በበኩላችን አንድ ገጽ ቅጽ በአማርኛና በዕብራይስጥ አዘጋጅተናል፤ ከማህበሩ ክፍል መውሰድ ይቻላል። የመጀመሪያው መስመር ዓመተ ምሕረት አይጠይቅም። “ከእርስዎ በፊት ማን ተወለደ?” ይላል፤ ሁለተኛው “ያን ጊዜ ማሳው ላይ ምን ነበር?”፤ ሦስተኛው “ይህን የሚያስታውስ ሌላ ማን በሕይወት አለ፣ የት ይኖራል?” የቀኑና የወሩ ቦታ ከታች፣ መጨረሻ ላይ ነው።